በማይክሮሳተላይት ጥናት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይክሮሳተላይት ከ1 እስከ 6 ቤዝ (የዲኤንኤ «ፊደል») የሚረዝም ቁራጭ፣ ለምሳሌ «ሲኤ ሲኤ ሲኤ» እየተባለ፣ የሚደጋገምበት የዲኤንኤ ክፍል ነው። የድግግሞሹ ብዛት ከአንዱ ተክል ወይም እንስሳ ወደ ሌላው ስለሚለያይ የዘረመል ብዝኃነትን ለመለካት ይጠቅማል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው የሚጠናውን ፍጥረት አረባብ በቅጡ ካለማወቅ ነው። ማሽኑም ሶፍትዌሩም ለተበላሸ ናሙና ያማረ ቁጥር ይሰጣሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ዘመዳሞችን እንደ አንድ ህዝብ መቁጠር ነው። በአንድ ጓሮ የሚጭሩ ዶሮዎች ብዙውን ጊዜ እናትና ጫጩቶች፣ ወይም የአንድ አውራ ዶሮ ልጆች ናቸው። ከአንድ ቤት አስር ዶሮ ቢወስዱ ያጠኑት አንድ ቤተሰብ ነው። ከየቤቱ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይውሰዱ፤ ዶሮዋ ከየት እንደመጣች ባለቤቷን ጠይቀው ይመዝግቡ። ከአንድ ህዝብ ቢያንስ 25፣ ቢቻል 40 ናሙና ያስፈልጋል። በእንሰት ላይ ችግሩ ይብሳል፤ አርሶ አደሩ የሚያራባው ከዘር ሳይሆን ከአሚቾ (ከመሬት በታች ካለው የእንሰቱ ክፍል) በሚወጣ ችግኝ ስለሆነ አንዱ ተክል በሁለት መንደር ሁለት ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል። በሁሉም ጠቋሚዎች (በሚለኩት የማይክሮሳተላይት ቦታዎች) ፍጹም የሚመሳሰሉትን፣ እያንዳንዱ አሊል (በአንድ ጠቋሚ ላይ የሚገኝ የርዝመት ዓይነት) በህዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ ከማስላትዎ በፊት እንደ አንድ ይቁጠሯቸው።

ናሙና አያያዝ ላይ፦ ደም በሄፓሪን ቱቦ አይውሰዱ፤ ሄፓሪን ፒሲአርን (ዲኤንኤ የሚባዛበትን ዘዴ) ያግዳል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሌላውን ንጥረ ነገር፣ ኢዲቲኤን፣ ይጠቀሙ። መንታ ሆኖ የተወለደ ከብት ሲያጋጥም ደሙን ይተዉት። የመንታ ጥጆች የደም ሥር በማህፀን ውስጥ ስለሚገናኝ የአንዱ የደም ሴል በሌላው ውስጥ ይኖራል፤ ከአንድ በሬ ቢበዛ ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ወይም አራት አሊል ይወጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ከነሥሩ የተነቀለ ፀጉር ይሻላል። የቡናን ቅጠል ደግሞ በክብደቱ 10 እጥፍ በሆነ ሲሊካ ጄል ቶሎ ያድርቁ።

ቡናን እንደ ዲፕሎይድ (ሁለት የክሮሞሶም ስብስብ እንዳለው) ማስላት በጣም የሚያሳስብ ስህተት ነው። አረቢካ 44 ክሮሞሶም ያለው፣ ካኔፎራና ዩጂኒዮይዲስ ከተባሉ የቡና ዝርያዎች የተዳቀለ ቴትራፕሎይድ (አራት የክሮሞሶም ስብስብ ያለው) ነው። ፕራይመሩ (የሚባዛውን ቦታ የሚለየው አጭር ዲኤንኤ) የሁለቱንም ወላጆች ጂኖም ካነበበ፣ ከአንዱ ወገን 150 ቤዝ ከሌላው 158 ቤዝ የሚረዝም አሊል እያወጣ ዛፉን ሁሉ «150/158» ያሰኘዋል። ሶፍትዌሩም ሁሉም ዛፍ ሄትሮዛይገስ (ሁለት የተለያየ አሊል ያለው) ነው ይላል። አረቢካ ግን በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው፤ ይህ ውጤት ከባህርዩ ጋር አይገጥምም። ኤፍአይኤስ (ሄትሮዛይገሶች ከሚጠበቀው ማነሳቸውን ወይም መብለጣቸውን የሚያሳየው ቁጥር) ወደ አሉታዊ 1 ሲጠጋ ቆም ይበሉ። ፕራይመሩን በሁለቱ ወላጅ ዝርያዎች ዲኤንኤ ላይ ይፈትኑትና አንዱን ጂኖም ብቻ የሚያነበውን ይምረጡ። ካልተገኘ እያንዳንዱን አሊል «አለ» ወይም «የለም» ብለው ይመዝግቡ፤ የሄትሮዛይገስ ብዛት ከሚጠበቀው ጋር መግጠሙን የሚያየውን የሃርዲ ዋይንበርግ ፈተናም ይተዉት። ጤፍም ባለ 40 ክሮሞሶም ቴትራፕሎይድ ስለሆነ ይኸው ጥንቃቄ ያሻዋል።

ፒክ (ማሽኑ በግራፍ ላይ የአሊሉን ርዝመት የሚያሳይበት ጫፍ) ሲነበብ ደግሞ ጥላውን ከእውነተኛው መለየት ያስፈልጋል። ባለሁለት ቤዝ ድግግሞሽ ላይ ከእውነተኛው ፒክ በስተግራ በ2 ቤዝ የሚያንስ፣ ቁመቱም አጠር ያለ ጥላ ይቆማል። እንስሳው 154/154 ከሆነ የ152ቱ ፒክ ከ154ቱ በግልጽ ያነሰ ነው። 152/154 ከሆነ ግን የ154ቱ ጥላ በ152ቱ ላይ ስለሚደረብ ግራው ከቀኙ ጋር ይስተካከላል ወይም ይበልጠዋል። በ1 ቤዝ የሚለያዩ መንታ ፒኮች ካዩ ዲኤንኤውን የሚያባዛው ታክ ኢንዛይም መጨረሻ ላይ «ኤ» የተባለውን ቤዝ የጨመረው ለከፊሉ ብቻ ነው ማለት ነው፤ የፒሲአሩን የመጨረሻ የማራዘሚያ ደረጃ በ60 ዲግሪ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያቆዩት። ማሽኑ የሚሰጠውን መጠን፣ ለምሳሌ 151.4ን ወይም 153.3ን፣ እያንዳንዱን ለብቻ አያጠጋግቡ። ሁሉንም መጠኖች በቅደም ተከተል ደርድረው ክፍተት ባለበት ቦታ ወሰን ያብጁ። የሌላ ቤተ ሙከራ መረጃ ለመቀላቀልም ሁለቱም ቦታ ያለፉ የጋራ ናሙናዎች የግድ ናቸው።

ሄትሮዛይገስ ሲያንስ ወዲያው «የዘመድ ጋብቻ» ብሎ መደምደምም የተለመደ ነው። ጉድለቱ በአንድ ህዝብ ውስጥ በሁሉም ጠቋሚዎች ላይ ከታየ የዘመድ ጋብቻ ወይም የተደባለቁ ንዑስ ህዝቦች ይጠርጠሩ። በሁሉም ህዝቦች ውስጥ በአንድ ጠቋሚ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ፕራይመሩ የሚያርፍበት ቦታ ተለውጦ አንዱ አሊል ሳይወጣ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዶሮ ላይ ሌላም ምክንያት አለ፦ ሴቷ ያላት ዜድ የተባለው የፆታ ክሮሞሶም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጠቋሚው እዚያ ላይ ካለ ሴት ዶሮ ሁሉ ሆሞዛይገስ (ሁለቱም አሊሎቿ አንድ ዓይነት የሆኑ) ትመስላለች። የናሙናዎቹን ፆታ ሳይመዘግቡ ይህን ማወቅ አይቻልም።

ናሙናዎችን በዘረመላቸው ወደ ቡድን በሚመድበው ስትራክቸር በተባለው ሶፍትዌር የቡድን ቁጥር (ኬ) ሲመርጡ ዴልታ ኬ በተባለው መለኪያ ብቻ አይመሩ። ዴልታ ኬ የሚሰላው የጎረቤት ዋጋዎችን በማነጻጸር ስለሆነ ኬ 1 መሆኑን ፈጽሞ ሊናገር አይችልም፤ ክፍፍል በሌለበትም ሁለት ቡድን ሊያሳይዎት ይችላል። ለእያንዳንዱ ኬ ከ10 ጊዜ ያላነሰ ይደጋግሙት፤ የኬ 1ን የላይክሊሁድ (ቡድኑ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳይ) ዋጋም ከሌሎቹ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱ።