ከርሰሩ ፎቶው ላይ ሲጠፋ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በፎቶሾፕ ወይም በሌላ የፎቶ ፕሮግራም ፎቶ በማስተካከል ላይ ሳሉ ከርሰሩ (ማውሱን ተከትሎ በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ምልክት) ከዓይንዎ ከተሰወረ ፕሮግራሙን አጥፍተው እንደገና ለመጫን አይቸኩሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ግማሽ ቀን ይባክናል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቆያል። ከርሰር የሚጠፋበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የትና መቼ እንደሚጠፋ መለየት ይቀድማል።

ማውሱን ከፎቶው አውጥተው ወደ ሜኑው ይውሰዱት። ቀስቱ እዚያ በደንብ ከታየ ማውሱም ዊንዶውስም ደህና ናቸው። በሜኑ ላይ ያለውን ቀስት የሚያሳየው ዊንዶውስ ነው፤ በፎቶው ላይ ያለውን ክብ ወይም የመስቀል ምልክት የሚያወጣው ግን ራሱ የፎቶ ፕሮግራሙ ነው። የአንዱን ችግር በሌላው ቅንብር ውስጥ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ምልክት፦ የብሩሹ ክብ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ይጠፋል፤ ነጭ ጋቢ ወይም ጥቁር ፀጉር ላይ ሲደርስ ይመለሳል

ይህን አስፍቼ የምጽፈው ለእኛ አካባቢ ሥራ በጣም ስለሚቀርብ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሞጣ፣ በዳንግላም ሆነ በቢቸና፣ ሰው የአያቱን ፎቶ በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ፎቶ ቤት ይመጣል። ጥጉ ተቀዷል፣ በእጥፋቱ በኩል ፊቱ ላይ ተሰንጥቋል፤ አንዳንዴም በቤተሰቡ እጅ የቀረው ምስል እሱ ብቻ ነው። ስካን ተደርጎ ስንጥቁን በክሎን ስታምፕ (ከፎቶው ደህና ቦታ ቀድቶ በተበላሸው ላይ በሚቀባው መሣሪያ) መሙላት ሲጀመር የብሩሹ ክብ ድራሹ ይጠፋል።

መንስኤው ቀላል ሒሳብ ነው። ፎቶሾፕ ክቡን በአንድ ቋሚ ቀለም አይስለውም፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ገልብጦ ያሳየዋል። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ጥቁር 0፣ ነጭ 255 ስለሆነ ክቡ በነጭ ላይ ጥቁር፣ በጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከሥሩ ያለው ግራጫ 128 ሲሆን ግን ግልባጩ 127 ነው። ይህን ልዩነት የማንም ዓይን አይለየውም። አሮጌ ፎቶ ደግሞ ሲደበዝዝ ጥቁሩ ይሳሳል፣ ነጩ ይደፈርሳል፤ ፊቱም ልብሱም ጀርባውም ወደ መካከለኛው ግራጫ ይሰበሰባሉ። ከርሰሩን የሚደብቀው እንግዲህ ልናድሰው የተነሣነው መደብዘዝ ራሱ ነው።

መፍትሔው ጊዜያዊ ሌየር፣ ማለትም በፎቶው ላይ እንደ ስስ ወረቀት የሚደረብ ንብርብር ነው። ከሁሉም ሌየሮች በላይ ጥቁረትና ንጣትን በመስመር የሚቀይረውን «ከርቭስ» የተባለውን የማስተካከያ ሌየር ይጨምሩና መስመሩን ከመሐሉ ይዘው ወደ ታች ይጎትቱት። ግራጫው ከ128 ወደ 70 አካባቢ ሲወርድ ግልባጩ 185 ይሆናል፤ ክቡም ነጥቶ ይታያል። ፊቱ እጅግ ጠቁሮ ዝርዝሩ ከጠፋ መስመሩን ወደ ላይ ገፍተው ማንጣትም ይቻላል፤ የሚፈለገው ከመካከለኛው ግራጫ መውጣት ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሌየሩን ይሰርዙታል፣ ዋናው ፎቶም ሳይነካ ይቆያል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስንጥቁን የሚሞሉት ከከርቭሱ በታች ባለ ባዶ ሌየር ላይ ይሁን። ከላይ ባለው የመሣሪያው አማራጭ ውስጥ «ሳምፕል» የሚለውን «ከረንት ኤንድ ቢሎው» (የያዙት ሌየርና ከሥሩ ያሉት) ያድርጉት። «ኦል ሌየርስ» (ሁሉም ሌየሮች) እንደሆነ ከቀረ ብሩሹ ከፎቶው ጋር ጊዜያዊውን ጥቁረትም ይቀዳል፤ ከርቭሱ ሲሰረዝ በአያትየው ግንባር ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይቀራል። «ኦል ሌየርስ» የግድ ካስፈለገም ከአጠገቡ ያለችው ትንሽ ምልክት የማስተካከያ ሌየሮች እንዳይቆጠሩ ታደርጋለች፤ እሷን መጫን አይርሱ።

ክቡ ባይታየውም በልምድ ገምቶ የሚሠራ ባለሙያ አለ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሌላ ቅጂ የሌለው ፊት በግምት አይነካም። ብሩሹ በዓይን ጥግ ላይ ጥቂት ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ቢስት የሰውየው አስተያየት ይለወጣል፤ እኛ ባናስተውለው ልጆቹ ያስተውሉታል።

ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ለሚጠቀም ሰው ነገሩ ይቀላል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኮንፊገር ክሪታ» ብለው፣ «ጄኔራል» ሥር ባለው የከርሰር ክፍል የክቡን መስመር ቀለም ራስዎ መምረጥ ይችላሉ። ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ይምረጡ፤ ግራጫ ፎቶ ውስጥ የማይገኝ ቀለም ስለሆነ የትም አይደበቅም።

ምልክት፦ ክቡ ጠፍቶ በምትኩ ቀጭን የመስቀል ምልክት ብቻ ይታያል

«ካፕስ ሎክ» በርቷል። ፎቶሾፕ በዚህ ቁልፍ አማካይነት ከክብ ወደ መስቀል ይቀይራል። ለሠርግ ካርድ ወይም ለምርቃት ባነር በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ስም ጽፈው ቁልፉን ሳያጠፉ ወደ ብሩሽ ከተመለሱ የሚገጥምዎ ይኸው ነው። ያጥፉት። ካልተመለሰ «ኤዲት»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ከርሰርስ» ይግቡና ለመቀቢያ መሣሪያዎች «ፕሪሳይስ» ተመርጦ እንደሆነ ወደ «ኖርማል ብራሽ ቲፕ» ይቀይሩት።

ምልክት፦ ክቡም መስቀሉም የሉም፤ ሲጫኑ ግን ብሩሹ ይቀባል

ብሩሹ ወይ ከመጠን በላይ ተልቋል፣ ወይ ከመጠን በላይ አንሷል። ፎቶሾፕ እስከ 5,000 ፒክስል የሚደርስ ብሩሽ ይቀበላል። ፎቶውን አቅርበው ሲሠሩ የእንዲህ ያለው ብሩሽ ጠርዝ ከስክሪኑ ውጪ ስለሚወድቅ አይታይም። በተቃራኒው ትልቅ ፎቶ አርቀው እያዩ የ3 ፒክስል ብሩሽ ከያዙ ክቡ ከአቧራ አይለይም። በዊንዶውስ «አልት» ተጭነው፣ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲጎትቱ መጠኑ ይለወጣል። የማዕዘን ቅንፍ ቁልፎችም ይህንኑ ይሠራሉ።

በዚያው «ከርሰርስ» ገጽ ላይ «ሾው ክሮስሄር ኢን ብራሽ ቲፕ» የሚል ምርጫ አለ። በክቡ መሐል መስቀል ስለሚያስቀምጥ በትልቅ ብሩሽ ለሚሠራ ሰው እጅግ ይጠቅማል። ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ ከክቡ አልፎ የሚቀባ ከመሰለዎት ደግሞ ብሩሹ አልተበላሸም፤ «ኖርማል ብራሽ ቲፕ» የሚያሳየው ቀለሙ ቢያንስ በግማሽ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ነው። ሙሉውን ስፋት ለማየት «ፉል ሳይዝ ብራሽ ቲፕ» ይምረጡ።

ምልክት፦ አዲስ ላፕቶፕ ከተገዛ ወዲህ ከርሰሩ እጅግ አንሷል

በዊንዶውስ የተለመደው የከርሰር ስፋት 32 በ32 ፒክስል ነው። 15.6 ኢንች በሆነ፣ 1366 በ768 ፒክስል ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ 3840 በ2160 ፒክስል ባለው አዲስ ስክሪን ላይ ያው 32 ፒክስል ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሌላው ነገር ከዊንዶውስ የማጉያ ቅንብር ጋር አብሮ ሲያድግ አሮጌ ፕሮግራም ከርሰሩን በቀድሞ መጠኑ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና ዛሬም በብዙ ፎቶ ቤቶች የሚሠራበት ፎቶሾፕ ሲኤስ6 እንዲህ ነው። በፕሮግራሙ ምልክት ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኮምፓቲቢሊቲ»፣ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ» ይግቡ፤ ከታች ያለውን ሳጥን ምልክት አድርገው «ሲስተም» የሚለውን ይምረጡ። ጽሑፉና ፎቶው ትንሽ ይደበዝዛሉ። ፎቶው ጥርት ብሎ መታየት ላለበት ሥራ ይህን አልመክርም፤ የስክሪኑን ጥራት ዝቅ ማድረግም ያው ነው። ለዚህ የሚሻለው ከስክሪኑ ጋር ራሱን የሚያስማማ አዲስ ፕሮግራም ነው።

ምልክት፦ ቀስቱ ሜኑም ሆነ ዴስክቶፕ ላይ አይታይም

ለመታወቂያ በነጭ ጀርባ የተነሣ ጉርድ ፎቶ፣ ወይም ነጠላ የለበሰ የጥምቀት ሕዝብ ስክሪኑን ሲሞላው ነጩ ቀስት ይዋጣል። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፣ «አክሰሰቢሊቲ»፣ «ማውስ ፖይንተር ኤንድ ተች» ይግቡ። ቀስቱን ጥቁር፣ ተገልባጭ ወይም የፈለጉት ቀለም ማድረግ፣ መጠኑንም ከ1 እስከ 15 ማሳደግ ይቻላል። ተገልባጩ ለግራጫ ፎቶ አይሆንም፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል። በማውስ ቅንብር ውስጥም «ኮንትሮል» ሲጫኑ ቀስቱ ያለበትን ቦታ በክብ የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ያብሩት።

የክፍሉንም ብርሃን ይመልከቱ። የደጋው ፀሐይ በመስታወት በር ገብታ ስክሪኑ ላይ ካረፈች ምንም ቅንብር አይረዳም። ጠረጴዛውን በሩ ከጎን እንዲሆን አድርገው ያዙሩት። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠሩም ላፕቶፑ የስክሪኑን ብርሃን በራሱ ሊቀንስ ስለሚችል መልሰው ከፍ ያድርጉት።

ምልክት፦ ክቡ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም ከእጅ ወደ ኋላ ይቀራል

ይህ ብዙውን ጊዜ የግራፊክስ ካርዱ (ምስል ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ክፍል) ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ችግር ነው። «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ገብተው «ዩዝ ግራፊክስ ፕሮሰሰር» የሚለውን ምልክት ያንሡ፤ ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱት። ክቡ ከተስተካከለ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ይህን ሳያረጋግጡ ለማውረድ አይነሡ። ካረጋገጡ በኋላ አዲሱን ድራይቨር ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ ከጫኑትም በኋላ ያነሡትን ምልክት ይመልሱት፤ ያለ እሱ አንዳንድ መሣሪያዎች አይሠሩም።

ይህም ካልሆነ የመጨረሻው እርምጃ ፎቶሾፕን ሲከፍቱ «ኮንትሮል»፣ «አልት» እና «ሺፍት»ን አንድ ላይ ይዞ ቅንብሩን ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። ከዚያ በፊት ያዘጋጇቸውን ብሩሾችና «አክሽኖች» (ተመዝግበው በአንድ ጊዜ የሚደገሙ የሥራ ቅደም ተከተሎች) በፍላሽ ላይ ያስቀምጡ።