«ሥራ አጥነት» እና «ስራ አጥነት» እንዴት አንድ ሆኑልኝ

አንድ የፖሊሲ ተቋም ውስጥ ኢንተርን ሆኜ የሕዝብ አስተያየት ጥናት መረጃ ሳጠራ ሦስት ቀን አቃጠልኩ። «የአገሪቱ ትልቁ ችግር ምንድን ነው?» ለሚለው ክፍት ጥያቄ የመጡትን መልሶች ኤክሴል ላይ በፒቮት ቴብል (አንድ ዓይነት መልሶችን ሰብስቦ በሚቆጥር ሰንጠረዥ) ስቆጥር ሥራ አጥነት ሁለት ቦታ ይወጣል። አንዱ በንጉሡ «ሠ»፣ ሌላው በእሳቱ «ሰ»። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት።

መጀመሪያ ትርፍ ክፍተት መስሎኝ በትሪም አጸዳሁ። ወይ ፍንክች! በዓይኔ እያየሁ ማረም ጀመርኩ፤ ግማሽ ሳልደርስ ተውኩት።

የሠራልኝ ይሄ ነው። የመልሱን ዓምድ ኮፒ አደረግኩ፤ ዋናውን አልነካሁም። ኮፒው ላይ በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ከሠ እስከ ሦ ሰባቱንም አንድ በአንድ ወደ ሰ ቤት ቀየርኩ። ግዕዙን፣ ማለትም የመጀመሪያውን «ሠ»ን ብቻ ከቀየራችሁ «ሥ» እዚያው ይቀራል፤ እኔም የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ እንዲሁ ከነቤታቸው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስም አይረሳ።

ፒቮቱ ኮፒውን ዓምድ እንዲቆጥር አድርጌ ሪፍሬሽ ሳደርገው ሁለቱ ገጠሙ። «የኑሮ ውድነት» እና «የዋጋ ንረት» ግን በፊደል አይገጥሙም፤ እነሱን ቁጭ ብሎ በእጅ ኮድ (የምድብ መለያ) መስጠት ነው።