ዩሪያ ተበትኖም ሳሩ ቢጫ ሲሆን

ዩሪያ በትናችኋል። ዝሆኔ ሳሩ ግን ያው ቢጫ ነው። ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ «አነሰው መሰለኝ፣ ልጨምርበት» የሚል ነው። ቆይ! ጆንያውን ከመፍታታችሁ በፊት ጎንበስ በሉና የትኛው ቅጠል ቀድሞ እንደገረጣ እዩ።

ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ከገረጡ

የናይትሮጅን ረሃብ ነው። ሳሩ ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ቢጫው ከጫፍ ይነሳና የቅጠሉን መሃል ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። «በትኜ የለ እንዴ?» ካላችሁ፣ የበተናችሁት ሥሩ ጋ አልደረሰም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እርጥብና ሞቃት አፈር ላይ ተበትኖ ከተተወ ግን ወደ አሞኒያ ይለወጥና ጋዝ ሆኖ ይበናል። የሚሰነፍጥ ሽታ ከመጣ ገንዘባችሁ እየተነነ ነው።

ዝናብ ሊመጣ ሲል በትኑ፤ ወይም በትናችሁ ወዲያው አጠጡ። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ውሃ ወደ አፈሩ ያስገባዋል። በመስመር የተተከለ ከሆነ ፈር አውጥቶ፣ ጨምሮ፣ አፈር መመለስ ከሁሉ ይሻላል። ውሃ የተኛበት ማሳ ላይ አትድከሙ፤ ሥሩ አየር አጥቷል፣ ናይትሮጅኑም በሌላ መንገድ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። መጀመሪያ ውሃው ይንጣፈፍ። በታጨደ ማግስት መበተንም ብክነት ነው። ቅጠል የሌለው ሳር ሥሩም ይዳከማል፤ አዲስ ቡቃያ እስኪያወጣ ጠብቁ።

ከላይ ያሉት አዲስ ቅጠሎች ከገረጡ

የሰልፈር እጥረት ጠርጥሩ። ሰልፈር እንደ ናይትሮጅን ከአሮጌ ወደ አዲስ ቅጠል በቀላሉ አይሄድም። ዩሪያ ውስጥ ደግሞ ሰልፈር የሚባል ነገር የለም። በአሞኒየም ሰልፌት ቀይሩት፤ 21 በመቶ ናይትሮጅን፣ 24 በመቶ ሰልፈር አለው። አፈር ስለሚያኮመጥጥ ግን ቀድሞ አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ አይደጋገም።

የአሮጌ ቅጠል ጠርዝ ከተቃጠለ

ይሄኛው የፖታሺየም እጥረት ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እሱን ነው። ናይትሮጅን ሳሩን ባሳደገው ቁጥር ሳሩ ከአፈር የሚመዘው ፖታሺየም ይጨምራል። ከብት እዚያው ሲግጥ አብዛኛው በሽንትና በፋንድያ ይመለሳል። አጭዳችሁ ስትወስዱ ግን ማሳው ባዶውን ይቀራል። ደረቁ ሳር 2 በመቶ ፖታሺየም ቢኖረው፣ 10 ቶን ድርቆሽ 200 ኪሎ ይዞ ይሄዳል! ስለዚህ ፍጉን ከነሽንቱ መልሱለት፤ ፖታሺየሙ የሚበዛው ሽንቱ ውስጥ ነው። የእንጨት አመድም ይረዳል። አመዱን ከዩሪያ ጋር ግን አትደባልቁ፤ አሞኒያውን ያባርረዋል።

ሳሩ ከቀጨጨና ወደ ወይን ጠጅ ካደላ

የፎስፈረስ እጥረት ነው። ፎስፈረስ በአሲዳማ አፈር ታስሮ ሥሩ አያገኘውም፤ ኖራና ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ ያስፈልገዋል።

ሳሩ አምሮ ከብቱ ከታመመ

ብዙ ዩሪያ ጠጥቶ ድርቅ የመታው ሳር ናይትሬት (ሲበዛ ከብት የሚመርዝ የናይትሮጅን ዓይነት) ያከማቻል፤ በተለይ ታችኛው አገዳ ውስጥ። ከብቱ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ድዱ ይጠቁራል፣ ደሙ ቡናማ ይሆናል። መኖውን አንሱ፤ የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ጥሩ። ከድርቅ በኋላ ዝናብ ቢጥልም አትቸኩሉ፤ ሳሩ ሳምንት አካባቢ ይቆይ፣ ስታጭዱም ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ። ማድረቅ ናይትሬቱን አያጠፋውም።