የጥላ አበቦች በሞቃታማው ወሎ፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ ወይም ከሚሴ ላይ ማንጎ ሥር የተተከሉ ኢምፔሸንስ፣ ቤጎኒያና ኮልየስ ዋናውን ፈተና የሚያዩት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ጥላ ያለበት አፈር ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

ጠውልጓል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው

ብዙ አበባ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የጠወለገ ያየ ሰው ሁሉ ጆግ ይዞ ይሮጣላ! ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነው። ለማረጋገጥ አንዱን ነቅለው ይዩት፦ ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ሲጎትቱት ልጣጩ ይወልቅና ቀጭን ክር ብቻ እጅዎ ላይ ይቀራል።

ውሃውን ያቁሙ። እጣቢ የሚደፋበት ቦታ ከሆነም ይከልክሉ፤ በረንዳ ሥር ያለ አበባ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚጠጣው እሱን ነው። ዋልካ አፈር ላይ መደቡን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይቀላቅሉበት፤ ጥቂት አሸዋ መበተን ዋልካን አያድነውም። ሥሩ ያለቀለት ተክል ጫፉ ገና ጤነኛ ከሆነ ግን አብሽሩ፦ ኮልየስም ኢምፔሸንስም ተቆርጠው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢቀመጡ ሥር ያወጣሉ።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ግንዱ ራቁቱን ይቀራል

ኢምፔሸንስ ላይ ከሆነ ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ነጭ ብናኝ መሳይ ሻጋታ ካለ የታች ሻጋታ በሽታ ነው፤ የያዘው ተክል አይድንም። ነቅለው ፌስታል ውስጥ አስረው ያስወግዱት፤ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ በጭራሽ አይጨምሩት። በሽታው አፈር ውስጥ ስለሚቆይ እዚያው ቦታ ላይ ቤጎኒያ ወይም ኮልየስ ይተኩ። ኢምፔሸንስ ካልሆነ አልወድም የሚል ሰው በሽታውን በደንብ የሚቋቋመውን የኒው ጊኒ ዝርያ ይትከል። (ኢምፔሸንስን ባዕድ አበባ አድርገው አይዩት፤ ሴቶቻችን የሚሞቁት እንሶስላ የዚሁ ወገን ነው፤ እሱም ጥላና እርጥበት ይወዳል።)

ቤጎኒያ ላይ፣ በቅጠሉ ፊት፣ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ግን ሌላ በሽታ ነው። የታመመውን ቅጠል ይቁረጡ፣ በተክሎቹ መካከል 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ አየር ሲያገኝ ይቀንሳል።

ረዝሟል፣ አበባ የለውም

ወይ ጨለማ በዝቶበታል፣ ወይ ዩሪያ። ጥላ ይወዳል ማለት ብርሃን አይፈልግም ማለት አይደለም፤ የጠዋት ፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህል ቢያገኘው ይወዳል። ጫፉን ቀንጥሱት፣ ቅርንጫፍ ያበዛል።

የቅጠሉ ዳር ደርቆ ቡናማ ሆኗል

የከሰዓት ፀሐይ ነው፣ ወይም ከቆርቆሮ አጥር የሚመለስ ሙቀት። ቦታ ይቀይሩለት።

ቅጠሉ ተበልቷል፣ የሚያብረቀርቅ መስመርም አለ

ቀንድ አውጣ። ማታ በባትሪ ፈልገው ይልቀሙት። አመድ መነስነስ የተለመደ ነው፣ ግን አንድ ዝናብ ካጠበው በኋላ አይሠራም። ውሃ ጠዋት ጠዋት ብቻ ያጠጡ፤ ማታ የረጠበ መደብ ለእሱ ግብዣ ነው።

ግንቦት ላይ ቢጫ ነቁጥና ስስ ድር

በዓይን ለማየት የምታስቸግር ትንሽ ሸረሪት መሰል ተባይ ናት፤ ደረቅ ሙቀት ይመቻታል። የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ግፊት እጠቡ፣ በየሦስት አራት ቀኑም ይድገሙ፤ ክረምቱ ሲገባ በራሷ ትቀንሳለች።