ወደ ካትሴ ግድብ በሚወስደው ቁልቁለት የላላውን ፍሬን እንዴት እንዳስተካከልነው

ከጆሃንስበርግ ተነስተን በሌሶቶ ተራሮች መካከል ወዳለው የካትሴ ግድብ በቫን ስንጓዝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,090 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የማፊካ ሊሲዩ የተራራ በር አልፈን መውረድ እንደጀመርን የፍሬኑ ፔዳል እየላላ ወደ ወለሉ ይሰምጥ ጀመር። ማርሽ ቀንሰን በእጅ ፍሬን እየታገዝን ዳር ካቆምን በኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍን። የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ስለሚችል ውሃ አላፈሰስንበትም።

በየጎማው የፈሰሰ ዘይት አልነበረም፤ የዘይቱ መጠንም አልጎደለም። ፍሬኑ ሲበርድ ፔዳሉ እንደገና መጠንከሩ ግን ምክንያቱን ገለጠልን። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲገባው፣ እርጥበት ለሳበው የተቀመጠው ዝቅተኛ መመዘኛ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ የእግር ግፊት ወደ ጎማዎቹ በሚገባ አይደርስም።

የቀረውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እንዲይዝ እያደረግን ወረድን። በ1996 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀውና 185 ሜትር ከፍታ ያለው የግድቡ ግንብ ከሩቅ ሲታይ እጅግ ያስደንቃል፤ በዝግታ መውረዱም ለዕይታው ጠቀመን። ግድቡ ዘንድ እንደደረስን አሮጌውን ዘይት ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምረን በየተራ አስወጥተን፣ ይዘነው በነበረው ያልተከፈተ ዶት 4 ተካነው። በመመለሻው፣ ከተራራው በር ወደ ፒትሴንግ መንደር በሚወስደው ረጅም ቁልቁለት ፔዳሉ እስከ መጨረሻው አልላላም።