የኤክሴል ሠንጠረዥ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የትምህርት ቤት የፈተና ፕሮግራም እንውሰድ። ከላይ ቀኖቹ፣ በግራ በኩል ክፍሎቹ ተደርድረዋል። የሚያይ ተማሪ «ሒሳብ» የሚለውን ሲያገኝ ቀና ብሎ ማክሰኞ መሆኑን፣ ወደ ግራ ዞር ብሎ የ10ኛ ክፍል መሆኑን ያውቃል። በስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ዓይነ ስውር ተማሪ ይህን የሚያገኘው ኮዱ ውስጥ ከተጻፈ ብቻ ነው። ካልተጻፈ «ሒሳብ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። መቼ እንደሆነ፣ የየትኛው ክፍል እንደሆነ አያውቅም።

ስክሪንሾት መለጠፍ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ቴሌግራም ላይ የተላከው ፎቶ እንዳለ ድረ ገጹ ላይ ይወጣል። ለፎቶው መግለጫ ጽሑፍ ማከልም አያድነውም። ሙሉ ፕሮግራሙ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ ተማሪው ሐሙስን ብቻ መርጦ መስማት አይችልም። ዓይኑ ደከም ያለ ሰውም ሲያጎላው ፊደሉ ይደበዝዝበታል።

ከኤክሴል ቀጥታ ኮፒ ፔስት ማድረግ። የፊደል መጠን፣ ቀለምና መስመር የሚገልጽ ብዙ አላስፈላጊ ኮድ አብሮ ይመጣል። የሚያስፈልገው የርዕስ ምልክት ግን አይመጣም። ኤክሴል ራሱ እንደ ድረ ገጽ የሚያስቀምጠው ፋይልም ከዚህ አይሻልም። ጽሑፉን ብቻ ወስዳችሁ ሠንጠረዡን በንጹሕ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ በሚጻፍበት ኮድ) ሥሩት።

ርዕስን በማድመቅ ብቻ መለየት። ደማቅ ፊደል ለዓይን እንጂ ለስክሪን ሪደር ትርጉም የለውም። በኤችቲኤምኤል ተራ ሴል በ«ቲዲ» (td) ታግ፣ ማለትም የሴሉን ዓይነት በሚናገር የኮድ ምልክት፣ ርዕስ የሆነ ሴል ደግሞ በ«ቲኤች» (th) ታግ ይጻፋል። ርዕሱ የአምድ ወይም የረድፍ መሆኑን የሚገልጸውን «ስኮፕ» (scope) የሚባል አትሪቢዩት፣ ማለትም ታጉ ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ፣ ለቀኖቹ «ኮል» (col)፣ ለክፍሎቹ «ሮው» (row) በሉት። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ረድፍ ያስተካክልና የግራውን አምድ ይረሳዋል። ሁለቱም ሲሟሉ ተማሪው ወደ ጎን ሲሄድ ቀኑ፣ ወደ ታች ሲወርድ ክፍሉ ይነበብለታል።

ሴሎችን ማዋሃድ። ኤክሴል ላይ «ሰኞ» የሚለውን በ«ጠዋት» እና በ«ከሰዓት» ላይ ዘርግቶ መሃል ማድረግ የተለመደ ነው። ኤችቲኤምኤል ይህን አንድን ሴል በብዙ አምዶች ላይ በሚዘረጋው «ኮልስፓን» (colspan) መሥራት ይችላል፤ ግን ርዕሶቹን በትክክል ማያያዝ ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ ስክሪን ሪደሮችም ሁሉም እኩል አያነቡትም። እኔ የምመርጠው ማፍረሱን ነው። «ሰኞ ጠዋት»፣ «ሰኞ ከሰዓት» ብላችሁ ሁለት ሙሉ ርዕስ ጻፉ። ሠንጠረዡ አሁንም ከተወሳሰበ ለየክፍሉ የየራሱን ሥሩለት። ገጹ ይረዝማል እንጂ ማንም አይጎዳም።

ባዶ ሴልና ቀለም። ባዶ ሴል ላይ የደረሰ ሰው ፈተና የለም ማለት ይሁን ሳይሞላ ቀርቶ ይሁን አያውቅም። «ፈተና የለም» ብላችሁ ጻፉ። የመፈተኛ ክፍሉ መቀየሩን በቀይ ብቻ አታመልክቱ፤ «የመፈተኛ ክፍል ተቀይሯል» የሚል ጽሑፍ ጨምሩ። ለማሳመር የገቡ ባዶ ረድፎችንም አጥፉ።

ሠንጠረዡን ያለ ስም መተው። የሠንጠረዡን ስም በሚይዘው «ካፕሽን» (caption) ታግ «የሁለተኛ መንፈቀ ዓመት የፈተና ፕሮግራም» ብላችሁ ጻፉ። ቦታው ሠንጠረዡን ከሚጀምረው የ«ቴብል» (table) ታግ መክፈቻ ቀጥሎ ነው።

አማርኛውን መርሳት። ጽሑፉን ለመውሰድ የኤክሴሉ ፋይል በተራው ሲኤስቪ (ጽሑፉን ብቻ በኮማ ለይቶ በሚይዝ የፋይል ዓይነት) ከተቀመጠ ፊደላችን ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ገጹ አማርኛ መሆኑንም በ«ላንግ» (lang) አትሪቢዩት ግለጹ። ነፃው ስክሪን ሪደር ኤንቪዲኤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ወደ አማርኛ ድምፅ በራሱ እንዲቀየር ግን የገጹ ቋንቋ መነገር አለበት።

ለስልክ ብሎ አወቃቀሩን ማፍረስ። በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ሠንጠረዡን ወደ «ብሎክ» (block) መቀየር አንዳንድ ብራውዘር ላይ ሠንጠረዥነቱን ያጠፋዋል፤ ስንት ተለፍቶባቸው የተሠሩት ርዕሶችም ከንቱ ይቀራሉ። ይልቅ ሠንጠረዡን በ«ዲቭ» (div) በሚባል መያዣ ታግ ውስጥ አስገቡትና ወደ ጎን የሚንሸራተተው ዲቩ ይሁን። በኪቦርድም እንዲደረስበት ለዲቩ «ታብኢንዴክስ» (tabindex) የሚለውን አትሪቢዩት ዜሮ አድርጋችሁ ስጡት።

ሳይሰሙ ማውጣት። ኤንቪዲኤን ክፈቱ። የ«ቲ» ቁልፍ ወደ ሠንጠረዡ ይወስዳችኋል። ከዚያ ኮንትሮልና ኦልት ይዛችሁ በቀስቶቹ ተንቀሳቀሱ። ስክሪኑን አጥፍታችሁ «10ኛ ክፍል ሒሳብ መቼ ነው?» የሚለውን መመለስ ካቃታችሁ፣ ፕሮግራሙ ገና አልተለጠፈም።