የኦሪዮን ኔቡላ እምብርት ነጭ ሆኖ ለሚወጣባችሁ

የኦሪዮን ኔቡላን (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ካሜራው ለ180 ሰከንድ ብርሃን እየተቀበለ ሳነሳ ክንፎቹ ደምቀው ይወጣሉ፤ መሃሉ ግን ዝርዝር የሌለው ነጭ ይሆናል። ጋዙን የሚያበሩት የትራፔዚየም ከዋክብት (በመሃሉ ያሉት አራት ደማቅ ከዋክብት) ጭራሽ አይለዩም።

መጀመሪያ በኮምፒውተር ብርሃኑን ቀነስኩ። ነጩ ግራጫ ሆነ እንጂ ምንም አልወጣም፤ ፒክስል (የምስሉ ነጥብ) አንዴ በብርሃን ከሞላ የሚመለስ መረጃ የለውም። ቀጥሎ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን) ከ1600 ወደ 400 አወረድኩ፤ አሁንም ነጭ። ሁሉንም ፎቶ ወደ 10 ሰከንድ ሳሳጥር ደግሞ መሃሉ ተረፈ፣ ያ ውብ የዳር ጋዝ ግን በነጠብጣብ ተዋጠ።

የሠራልኝ መፍትሔ ረጅምም አጭርም ፎቶ ማንሳት ነው። በዚያው ሌሊት፣ ትኩረቱን ሳልነካ፣ ከረጅሞቹ ቀጥሎ የ5 ሰከንድ ፎቶዎች አነሳሁ። ዳርክ ፎቶዎችም (ሌንሱ ተከድኖ የሚነሱ፣ የካሜራውን ነጠብጣብ ለመቀነስ የሚያገለግሉ) ለየርዝመታቸው ለየብቻ ይነሱ፤ ይህ እርምጃ መዘለል የለበትም። ሁለቱን ስብስቦች በሲሪል (የሰማይ ፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ለየብቻ ደርቤ፣ ከዋክብቱን አገጣጥሜ፣ እያንዳንዱን አበራሁ። ከዚያ በጊምፕ (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) አጭሩን ምስል ከላይ አድርጌ ማስክ (ነጭ በሆነበት ምስሉን የሚያሳይ፣ ጥቁር በሆነበት የሚደብቅ ሽፋን) ጨመርኩለት፤ ማስኩ ላይ የረጅሙን ምስል ጥቁርና ነጭ ቅጂ ለጥፌ በጋውሲያን ማደብዘዣ አለሰለስኩት። አጭሩ የሚታየው ረጅሙ በነጣበት ቦታ ብቻ ነው፤ አራቱ ከዋክብት ተለያይተው ወጡ።

በእምብርቱ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ከታያችሁ የማደብዘዣውን ስፋት ጨምሩ።